ቤቱ ድኖ ግቢው ሲጠፋ፦ ነባር ቤትን ለአዲስ አገልግሎት ስለማዋል

ባለእርሳሱ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የከነከነኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ግንበኞችም፣ መሐንዲሶችም፣ በአሮጌ ቤት ያደጋችሁም ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። በቅርቡ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ነባር ቤት ለክተን እንድንስል ተቀጠርን። ባለቤቶቹ ቤቱን የመጻሕፍት ማንበቢያና ቡና ቤት ሊያደርጉት አስበዋል። «አናፈርስም» ማለታቸው ብቻውን ልቤን አሙቆት ነበር። ታችኛው ፎቅ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያው በረንዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በምኒልክ ዘመን መጨረሻ መኳንንቱ ያሠሩት የነበረው ዓይነት።

ሐሳቤ የተበጠበጠው የግቢውን ንድፍ ሲያሳዩን ነው። ቤቱ የቆመው ተዳፋት ላይ ነው። ከጓሮ በኩል ከመሬት የሚለየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ከፊት በኩል ግን የድንጋይ መሠረቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ያ ግንበኛ መሬቱን አልቆረጠም፤ ቤቱን በመሬቱ ልክ ሰፋው። አሁን የታሰበው ዙሪያውን ቆርጦና ደልድሎ የመኪና ማቆሚያ ማድረግ፣ ቤቱን ደግሞ በኮንክሪት ግንብ አስደግፎ መሃል ላይ ብቻውን መተው ነው። ሥዕሉን ሳየው ድዱ የሸሸ ጥርስ መሰለኝ።

በለካንበት የመጨረሻ ቀን ከኋላው ግድግዳ ሥር አንድ ነገር አገኘሁ። አፈርና የረገፈ ቅጠል ሞልቶታል። በእጄ ስጠርገው ከጥርብ ድንጋይ የተቦረቦረ፣ ስፋቱ መዳፍ የሚያህል ቦይ ሆኖ ተገኘ። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ በቤቱ ጎን ይዞርና ሦስት ቦታ ታጥፎ ታች ካለችው ወይራ ሥር ያበቃል። መታጠፊያዎቹ ላይ ያለው ድንጋይ ከውኃው ብዛት ለስልሷል። ስንት ክረምት አልፎበት ይሆን? በአዲሱ ንድፍ ላይ ቦዩም የለም፤ ወይራዋም የለችም።

የእኔ እምነት ይህ ነው፦ የእኛ አገር ቤት ያለ ግቢው ግማሽ ነው። አዳራሹ፣ እልፍኙ፣ ማድ ቤቱ፣ እቃ ቤቱ፣ ዛፉና መግቢያ በሩ አንድ ላይ ሆነው ነው ቤት የሚሆኑት። ይህን ቀናነት ላላቸው ባለቤቶች በምን ቋንቋ ላስረዳቸው?

የጉለሌው ግንበኛ

ልጄ፣ ስለ ውበቱ አንተ ተናገር፤ እኔ ስለ ውኃው ልንገርህ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ድንጋይ ስደረድር።

የዚያ ዘመን ግንብ ማያያዣው ጭቃ ወይም ኖራ ነው። ይተነፍሳል። ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲመታው መልሶ ይሰጣል። ሰዎች አሮጌ ቤት ሲያድሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ጥፋት በሲሚንቶ መለሰን ነው። ልስኑ ያምራል፤ እርጥበቱ ግን መውጫ ያጣል። አንድ መሥሪያ ቤት የሆነ ነባር ቤት ላይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በሲሚንቶ ከተለሰነ ገና ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ቀለሙ ከውስጥ በኩል አብጦ ይረግፋል። ግድግዳው ውስጥ የገባውን፣ ወለሉን የሚሸከመውን ወራጅ እንጨት ጫፍ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ከውጭ የሚያይ ሰው ግን «እንዴት አምሮበታል» ይል ነበር።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። አስፋልት በታደሰ ቁጥር አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል። ሦስት ደረጃ ወጥተን የምንገባባቸው ቤቶች ዛሬ አንድ ደረጃ ወርደን የምንገባባቸው ሆነዋል። ክረምት ሲመጣ የመንገዱ ጎርፍ እንግዳ ሆኖ ሳሎን ይገባል። ቤቱ አልሰመጠም፤ መሬቱ ነው የተነሣበት።

ያንተን ቤት በተመለከተ፣ የእነዚህ ቤቶች መሠረት ጥልቅ አይደለም። ዙሪያውን ያቀፈው አፈር የመሠረቱ አካል ነው። አፈሩን ስትቆርጠው መሠረቱ ራቁቱን ይቀራል፤ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳውም ከመስኮቶቹ ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። ለባለቤቶቹ ይህን በገንዘብ ቋንቋ ንገራቸው። ድጋፍ ግንቡ፣ ቁፋሮው፣ የአፈር ማመላለሻው ስንት ነው? ቦዩን ጠርጎ መጠገን ስንት ነው? ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጥላቸው።

የደጃች ውቤ ሰፈር ልጅ

መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። ሁለቱንም ልጻፍ።

እኔ ያደግኩት እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ ለቀበሌ ተሰጥቶ ለአሥራ አንድ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን የእልፍኙ ግማሽ ነው። ክፍሉን የከፈለው ጣውላ በሁለቱም ወገን ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ኮርኒሱ መሃል ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ትልቅ አበባ ነበረ። ጣውላው ለሁለት ስለከፈለው አራት ቅጠሉ በእኛ በኩል፣ አራት ቅጠሉ በጎረቤት በኩል ቀረ። ሙሉውን አበባ ያየሁት የጎረቤታችን እናት ሞተው ለቅሶ ላይ ጣውላው የተነቀለ ቀን ነው።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ባለሙያዎች ሜትር ይዘው ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ይለካሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ይሄዳሉ። «እናንተስ እንዴት ትኖራላችሁ?» ያለን ሰው አላስታውስም። አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ነበር የሚጠቀመው። በክረምት ቆርቆሮው ሲያፈስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሬንጅ የሚቀባው አባቴ ነበር። አሸንዳው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይጠረግ ነበር፤ የሚጠርጉት ነዋሪዎቹ ናቸው። ቤቱ እስከ ዛሬ የቆመው ሰው ስለኖረበት ነው። ነባር ቤትን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል የምትሉት ነገር፣ እኛ ያለ ንድፍና ያለ ፈቃድ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንሠራው የኖርነው ነው።

ግቢው ይዳን ስትሉ እስማማለሁ። የግቢው ሰዎችስ?

ባለእርሳሱ

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ በጽሑፌ ውስጥ ሰው አልነበረም። እኔ በለካሁት ቤት ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ስድስት ቤተሰብ ይኖር እንደነበረ አውቃለሁ፤ ስንደርስ ግን ቤቱ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳዎችና ከምድጃ ጭስ የጠቆረ ማዕዘን አየሁ። ጭሱን «ጉዳት» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ዛሬ ቢሆን ያንን ቃል አልጽፍም።

ጋሼ ግንበኛው፣ የወጪ ማወዳደሪያውን ጀምሬዋለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስሌት ይቅደም

የምጽፈው ሁላችሁንም ላያስደስት ይችላል፤ ግን ከልቤ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ውድ ነው። አንድ ነባር ቤት ከነሰፊ ግቢው ይቀመጥ ማለት አንድ ሰው፣ መንግሥትም ይሁን ባለሀብት፣ ወጪውን ይሸከም ማለት ነው። አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ መኖሩ እንዲያበቃ ከተፈለገ ቤት መሠራት አለበት፤ ቤት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ 209/1992 ማለቴ ነው፣ ቅርሱን መጠበቅ የባለይዞታው ግዴታ ነው ይላል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ገቢ የሌለው ቤት ግን አንድ ቀን በሩ ይታሸግና በዝናብ ይፈርሳል።

በሕይወት የቆዩትን ተመልከቱ። ጣይቱ ሆቴል ከ1898 ዓ.ም ጀምሮ ያው ሆቴል ነው። በጥር 2007 ያ ከባድ ቃጠሎ ሲደርስበት እንኳ ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን የቀጠለው ገቢ ስለነበረው ነው። ስለዚህ ወንድማችን ባለእርሳሱ ከደንበኞቹ ጋር ባይጣላ እመክራለሁ። መኪና ማቆሚያ ከሌለ ቡና ጠጪው አይመጣም፤ ቡና ጠጪው ካልመጣ ወይራዋንም የሚያጠጣት አይኖርም።

ከስድስት ኪሎ

ወንድሜ ስሌት፣ ጣይቱን በመጥራትህ ደስ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ግቢውም ጭምር የተረፈበትን ምሳሌ ላንሣ፤ አራት ዓመት ተምሬበታለሁና።

የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ያ ሁሉ ባለሥልጣን ከተገደለ በኋላ ንጉሡ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ፤ ገነተ ልዑልንም ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1955 ዓ.ም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ቤቱም የተቋሙና የሙዚየሙ መኖሪያ ሆነ። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አሁንም አሉ። ጎብኚው የአገሩን ሕዝቦች ዕቃዎች፣ ሥዕሎችና መስቀሎች እያየ ይመጣና በድንገት አንድ ሰው ተኝቶበት የነበረ አልጋ ፊት ይቆማል።

ልብ በሉ፤ የተሰጠው ቤቱ ብቻ አይደለም። ግቢው ከነበሩ፣ ከነዛፎቹ፣ ከነመንገዶቹ ተሰጠ። ንጉሡ በመኪና ይገቡበት የነበረውን መንገድ እኛ ደብተር ይዘን በእግራችን ሄድንበት። ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆን የቻለው ግቢው ሰፊ ስለነበረ ነው። በአጥር ከልለን ቤቱን ብቻ ብናስቀር ኖሮ ዛሬ ትኬት ተቆርጦ የሚታይ ሳጥን ነበር የሚሆነው።

ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ አይታችሁታል? የትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ያቆሙት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. የሮማ ጉዞ ጀምሮ ለፋሺዝም አገዛዝ እያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። በተማሪነቴ ሥሩ ተቀምጬ ስንት ቀን ምሳዬን እንደበላሁ! አንድም ድንጋይ ሳይነቀል ትርጉሙ ተገለበጠ። ይህ ሊሆን የቻለው ደረጃው እዚያው፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቤት ፊት ስለቀረ ነው። ሌላ ቦታ ተወስዶ ቢተከል ኖሮ የአንበሳው መልስ ለማን ይሆን ነበር?

ኬፕታውን ያለሁት

ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የምኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚህ ወደብ ላይ ስላለው የእህል ጎተራ ልንገራችሁ፤ ከክርክራችሁ ጋር ይገናኛል።

በ1924 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኮንክሪት ማማ ነው፤ ቁመቱ 57 ሜትር። እህሉ በባቡር ይመጣና ይገለበጥበታል፤ ከዚያ ወደ መርከብ ይጫናል። ሥራውን ካቆመ በኋላ ዓመታት ባዶውን ቆሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ዛይትዝ ሙዚየም ይባላል። ንድፉ የእንግሊዛዊው ቶማስ ሄዘርዊክ ነው። ጎተራው ውስጡ ጎን ለጎን የቆሙ 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ነበር፤ ሰው የሚቆምበት ወለል አልነበረውም። ስለዚህ የአንዲትን የበቆሎ ፍሬ ቅርጽ አጉልተው፣ ቱቦዎቹን በዚያ ቅርጽ ልክ ፈልፍለው መሃሉን ትልቅ አዳራሽ አደረጉት።

መሃል ቆማችሁ ቀና ስትሉ የተቆረጡት ቱቦዎች አፍ ይታያል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለተወለወለ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይለያል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን እጄን በጠርዙ ላይ አሳለፍኩና ያ ሁሉ እህል የሚወርድበት ድምፅ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ስወጣ ያየሁትን ነው። ባሕሩ እዚያው አለ፤ መርከቦቹም አሉ። አንድ ሕፃን «ለምንድን ነው እዚህ የተሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ እጅን ወደ ወደቡ መዘርጋት ይበቃል። በእርግጥ ዛሬ አካባቢው ውድ ሆቴልና ውድ ሱቅ ነው፤ እህሉን ይጭኑ የነበሩ ሠራተኞች የልጅ ልጆች እዚያ ቡና መጠጣት ይከብዳቸዋል። የደጃች ውቤዋ እህቴ ያነሣችው ጥያቄ እዚህም አልተመለሰም።

የምድር ባቡር ልጅ

ስለ ባቡር ከተነሣ ለገሀርን እንዴት ዝም እላለሁ? አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሀዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909፣ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ነው። የቸርችል ጎዳና ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቁልቁል ወርዶ ጣቢያው ፊት ያበቃል። የከተማው አንዱ ጫፍ እዚያ ነበር፤ ከአገር ስትወጣም ስትገባም በዚያ በር ነው። በ2009 አዲሱ ባቡር ሲጀመር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ለቡ ተሠራ። የለገሀሩ ሕንፃ እንዲተርፍ እመኛለሁ፤ ግን እባካችሁ ቢያንስ ሁለት መስመር ሀዲድ ከፊቱ ይቅር። ሀዲድ የሌለው ጣቢያ ለልጄ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ከጀጎል ውስጥ

ሐረርን አትርሱን። የእኛ ቤት ከመንገድ ሲታይ ግንብና በር ብቻ ነው። በሩን አልፈህ ግቢ ስትገባ ነው ቤቱ ፊቱን የሚያሳይህ። ውስጡ አምስት ነደባ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ያለ መደብ መቀመጫ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የእንግዳ ማረፊያ የሆኑ ቤቶች አሉ። ደግ ነው፤ ቤተሰቡ እዚያው እየኖረ እንግዳ ይቀበላል። የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየምም ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ነገር ግን አንድ ቤት አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ለእንግዳ ብርሃን ይግባ ብሎ ወደ መንገዱ ትልቅ መስኮት ከፈተ። ነደባውም ቀይ ወለሉም ሳይነካ ቤቱ ተለወጠ። አክስቴ እዚያ ስትገባ ሻሿን ማውለቅ ትታለች። ስለዚህ ባለእርሳሱ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ ምን ይታይ እንደነበረና ከውጭ ወደ ቤቱ ምን አይታይ እንደነበረ ንድፍህ ላይ አስፍር።

የጉለሌው ግንበኛ

የኖራ ነገር በግል ለጠየቃችሁኝ፦ ያልበረደ ኖራ ለልስን አይሆንም። ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሳምንታት ይቆይ፤ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ከተለሰነም በኋላ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። የቸኮለ ሰው በኖራ አይሥራ። ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋልና ልጆች አይጠጉ።

ስሌት ይቅደም

የስድስት ኪሎውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግቢው ባይሰፋ ዩኒቨርሲቲ አይሆንም ነበር የሚለው እኔ በማውቀው ቋንቋ የተነገረ ነው፤ ግቢው ራሱ ሀብት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ባለእርሳሱ፣ መኪናዎቹን ከታችኛው በር አጠገብ፣ ከመንገዱ ጋር እኩል በሆነው ቦታ ማቆም አይቻልም? ሰው ሽቅብ ጥቂት እርምጃ በእግሩ ይሂድ። እዚያው ታች አነስ ያለ አዲስ ሕንፃ ቢሠራና ቢከራይ ላይኛውን ቤት ይደጉማል። በቁፋሮ የሚድነውን ወጪ ደምርበት።

ባለእርሳሱ

በተለያየ ቀን የጻፋችሁልኝን ሁሉ አትሜ ይዤ ሄጄ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሁለት ንድፍ ከነወጪው ጎን ለጎን አቀረብኩ። የእኛው ንድፍ መኪናዎቹን ታች በር ላይ ያቆማል፤ ልክ ስሌት እንዳለው። ከባለቤቶቹ አንዱ ቁጥሩን አይቶ ወዲያው ተስማማ። ሁለተኛው አልተዋጠለትም፤ «እንግዳ ሽቅብ በእግሩ አይመጣም፤ አረጋውያንስ?» አለ። ስለ አረጋውያኑ ያነሣው ትክክል ነው፤ በጓሮ በኩል ወለሉ ከመሬት የሚለየው በአንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ ለእነሱ ከላይኛው መንገድ ጠባብ መግቢያ አክለናል። ውሳኔው ገና አልተሰጠም።

እየተነጋገርን ዝናብ ጣለ፤ የሐምሌ ዝናብ ነው። ወደ ጓሮ ይዣቸው ሄድኩና በረንዳው ላይ ቆምን። ባለፈው የጠረግኩት ቦይ ከላይ የመጣውን ደፍራሽ ጎርፍ ተቀብሎ በግድግዳው ጎን ይዞት ዞረ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቅጠል ዘግቶት ሊፈስስ ሲል ሁለተኛው ሰውዬ ራሱ ጎንበስ ብሎ በእጁ አነሣለት። ምንም አልተናገረም፤ እጁን በመሐረቡ ጠረገና እስከ ወይራዋ ድረስ ውኃውን በዓይኑ ተከተለው።

እትዬ፣ ባለቤቶቹን የቀድሞዎቹን ነዋሪዎች ማግኘት እንደምፈልግ ነግሬያቸዋለሁ። ከስድስቱ የሁለቱ ቤተሰቦች አድራሻ ተገኝቷል። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ምን ልጠይቃቸው?

የደጃች ውቤ ሰፈር ልጅ

ተባረክ። መጀመሪያ ሜትርህን ከቦርሳህ አታውጣ፤ ቡናቸውን ጠጣ። ከዚያ ማድ ቤቱ የት እንደነበረ ጠይቅ፤ በሩ ወደ የት ይከፈት እንደነበረም። ልብስ የት ይሰጣ እንደነበረ፣ ልጆች የትኛው ደረጃ ላይ ይቀመጡ እንደነበረ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከል እንደነበረ ጠይቅ። ያ ጭስ ያጠቆረው ማዕዘን የማን እንደነበረም።

የጉለሌው ግንበኛ

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ጥራኝ። ክፍያ አልፈልግም፤ ያንን ቦይ ማየት ነው የምፈልገው።